የቤተሰብን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በሚዛንና በደብተር ማስላት

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ የሚጠቀሱት ቁጥሮች በቢሊዮን ቶን የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ አንድ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ቤተሰብ ከራሱ ምድጃና ከራሱ ጉዞ ጋር ሊያገናኛቸው ይቸገራል። ይሁንና ሂሳቡ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። አንድ የኩሽና ሚዛን፣ አንድ ደብተር፣ የመብራት ደረሰኝና ማባዛትና መደመር የሚችል ሰው እስካለ ድረስ፣ የአንድን ቤት ዓመታዊ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ለውሳኔ በሚበቃ መጠን ማወቅ ይቻላል። ብዙ ሰው ልቀት ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው አምፖሉና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው፤ በአገራችን ከተሞች ቆጥሮ ያየ ሰው የሚደርስበት ግን ሌላ ቦታ፣ የከሰሉ ጆንያ ላይ ነው። ይህንን በወሬ ሳይሆን በራስ ቤት ቁጥር ማየት ስለሚሻል፣ መንገዱን ከዚህ በታች ከነምክንያቱ አስቀምጣለሁ።

ከአንድ ጀበና ቡና ይጀምሩ

ሂሳቡን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይህንን ሙከራ በቤትዎ ቢያደርጉ፣ ቀጥለው የሚመጡት ቁጥሮች ሁሉ ባዕድ አይሆኑብዎትም። እኔ ያደረግሁት እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ከማቀጣጠሏ በፊት ነው። በምድጃው ላይ ልታደርገው ያዘጋጀችውን ከሰል በሚዛን ሳስቀምጠው 300 ግራም ሆነ። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ተጠጥቶ፣ ፍሙ ሙሉ በሙሉ አመድ ሆኖ ከቀዘቀዘ በኋላ አመዱን በጥንቃቄ ጠርጌ መልሼ መዘንኩት። 20 ግራም እንኳ አልሞላም። እናቴ «ታዲያ ሌላው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች፤ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋና ጥያቄም ይኸው ነው።

ከሰል ማለት ከሞላ ጎደል ካርቦን ነው፤ ከ100 እጅ 80 ያህሉ ካርቦን ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ሲነድ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ሁለት የኦክሲጅን አቶሞችን ይዞ ይሄዳል። የካርቦን አቶም ክብደት 12፣ የኦክሲጅን 16 ስለሆነ፣ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12 ሲደመር 32፣ ማለትም 44 ይሆናል። ስለዚህ 12 ግራም ካርቦን 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ 44 ለ12 ሲካፈል 3.67 ነው። በእናቴ ምድጃ ውስጥ ከነበረው 300 ግራም ከሰል 240 ግራሙ ካርቦን ቢሆን፣ በ3.67 ስናበዛው 880 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናገኛለን። የነደደው ነገር ጠፍቶ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን ጨምሮ፣ ከራሱ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ክብደት፣ በማይታይ መልክ ወጥቷል። በአዲስ አበባ ከፍታና የአየር ግፊት ይህ 880 ግራም ጋዝ ከ600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ሦስት የነዳጅ በርሜሎችን ይሞላል ማለት ነው። ለአንድ ጀበና ቡና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝም ያወጣል፤ በስም ቢቀራረቡም ሥራቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ምድርን የሚያሞቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ የሚገድል ነው። ሙከራውን ሲያደርጉም ሆነ በማንኛውም የብርድ ሌሊት፣ ፍም ያለበትን ምድጃ በርና መስኮት በተዘጋበት ክፍል አያስቀምጡ፤ አስገብተውም አይተኙ።

የሚባዙባቸው ቁጥሮች

እያንዳንዱ ነዳጅ በውስጡ ባለው የካርቦን መጠን የሚወሰን የራሱ ማባዣ አለው። በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አንድ ሊትር ናፍታ 2.7 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ላምባ 2.5 ኪሎ፣ አንድ ኪሎ ቡታጋዝ 3 ኪሎ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ማገዶ 1.8 ኪሎ፣ አንድ ኪሎ ከሰል ደግሞ በምድጃው ላይ ብቻ 3 ኪሎ ያህል ይለቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ ሳለ እንዴት ከሁለት ኪሎ በላይ ጋዝ ያወጣል የሚለው ጥያቄ መልሱን ከቡናው ሙከራ አግኝቷል፤ ጭማሪው ከአየር የተወሰደው ኦክሲጅን ነው።

በዓለም አቀፍ ሰነዶች ውስጥ አንዳንዴ ልቀት በ«ካርቦን» ቶን፣ አንዳንዴ በ«ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ቶን ተጽፎ ያገኛሉ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያነብ ሰው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ስህተት ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሁሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ክብደት የተሰላ ነው።

የከሰሉ ሂሳብ፣ ከምድጃው ጀርባ ጭምር

የቤትዎን የከሰል ፍጆታ ለማወቅ በጆንያ መቁጠር አይበቃም፤ የጆንያው መጠንና የከሰሉ እርጥበት እንደ ሻጩ ይለያያል። አዲስ ጆንያ ሲገባ ጆንያውን ይዘው በሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ ያለ ጆንያው ይቁሙ፣ ልዩነቱን ቀኑን ጨምረው ይጻፉ። ሲያልቅም ቀኑን ይጻፉ። ሁለትና ሦስት ጆንያ በዚህ መልክ ከተመዘገበ የወሩ አማካይ በግልጽ ይወጣል። በሳህን ወይም በፌስታል የሚገዙ ከሆነ ደግሞ አንዱን ሳህን መዝነው፣ በወር የገዙትን ብዛት በዚያ ያባዙ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንለፍ። ከሰል ቤታችን ከመድረሱ በፊት አንድ ትልቅ ልቀት ተፈጽሟል። በገጠር እንጨቱ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ፣ ቀናት እየጨሰ ሲከስል፣ ከእንጨቱ ውስጥ አብዛኛው ክፍል በጢስና በጋዝ ይወጣል። በዚህ ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይጠፋል። ከደረቅ እንጨት ግማሹ ካርቦን ስለሆነ፣ 7 ኪሎ እንጨት 3.5 ኪሎ ካርቦን ይይዛል፤ ወደ ጆንያው የሚገባው ግን 0.8 ኪሎው ብቻ ነው። የቀረው 2.7 ኪሎ ካርቦን ከክምሩ ላይ እየጨሰ ሄዷል። ሁሉም ወዲያውኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ አይወጣም፤ ከፊሉ ሚቴንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሚቴን በአንድ መቶ ዓመት ስሌት ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ስለሚያሞቅ፣ ሁሉንም እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቁጠራችን ሂሳቡን ያጋንነዋል ብለን መስጋት የለብንም።

ስለዚህ የከሰሉን ሙሉ ልቀት ለማግኘት የከሰሉን ኪሎ በ7፣ ውጤቱንም በ1.8 ያባዙ። በወር 20 ኪሎ ከሰል የሚፈጅ ቤት በዓመት 240 ኪሎ ይፈጃል። በምድጃው ላይ የሚለቀቀው 720 ኪሎ ነው። ከክምሩ ጋር ሲደመር ግን 240 በ7 ሲባዛ 1,680 ኪሎ እንጨት፣ ያ በ1.8 ሲባዛ 3,024 ኪሎ፣ ማለትም ከ3 ቶን በላይ ይሆናል። ከልቀቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነው በዓይናችን አይተነው የማናውቀው ነው፤ ጢሱን የሚተነፍሱትም ከሰሉን የሚያከስሉት ሰዎች ናቸው።

ይህ ሂሳብ ግን አንድ ወሳኝ ጥያቄ ካልተጠየቀ ጎዶሎ ነው፤ እንጨቱ ከየት መጣ? በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በእርሻቸው ላይ እየተከሉ፣ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው እያከሰሉ፣ እንደገና ይተክላሉ። እንዲህ ባለው ዑደት ውስጥ በእሳት የወጣውን ካርቦን በሚቀጥሉት ዓመታት የሚያድገው ዛፍ መልሶ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ከልቀቱ ትልቁን ክፍል ከሂሳቡ ማውጣት ተገቢ ነው። ከስምጥ ሸለቆው የተፈጥሮ ግራር ተቆርጦ የሚመጣ ከሰል ግን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። ያ ዛፍ ለመድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዷል፤ በቦታው የሚተካውም ብዙ ጊዜ የለም። እንዲህ ያለውን ሙሉ በሙሉ ይቁጠሩት። ሻጩ የከሰሉን አገር ብዙ ጊዜ ያውቃልና ጠይቁት፤ ማወቅ ካልተቻለ በሁለት መስመር፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ተቆጥሮ፣ ሌላውን ሳይቆጠር ይጻፉትና እውነቱ በመካከል እንዳለ ይያዙ።

በነገራችን ላይ የአገሮች የልቀት ሰንጠረዥ ሲወጣ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተለምዶ የሚጠቀሰው የነፍስ ወከፍ ቁጥር የነዳጅንና የሲሚንቶን ልቀት ብቻ ይይዛል፤ የማገዶና የከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብሔራዊ ቆጠራ ውስጥ የሚመዘገበው በኃይል ዘርፍ ሳይሆን በደንና በመሬት አጠቃቀም ሥር ነው። የቤት ሂሳብ ስንሠራ ግን በዓይናችን ፊት የሚነደውን ሌላ መዝገብ ውስጥ ይገኛል ብለን ልንተወው አይገባም።

መብራት፣ ምጣድ እና ጄኔሬተር

የኤሌክትሪክ ሂሳብ የሚጀምረው ከብሩ ሳይሆን ከኪሎ ዋት ሰዓቱ ነው። ታሪፍ ይለወጣል፤ ኪሎ ዋት ሰዓት አይለወጥም። በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ካለዎት በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ100 እጅ ከ90 በላይ የሚመነጨው ከውኃ ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ግልገል ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ከግድብ ሐይቆች የሚወጣ የተወሰነ ሚቴን ቢኖርም፣ ከሚቃጠል ነዳጅ የሚመጣው ልቀት ዜሮ ነው ሊባል ስለሚችል፣ በኢትዮጵያ የሚኖር ቤተሰብ በዚህ መስመር ላይ ዜሮ ቢጽፍ አይሳሳትም። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህንኑ ምጣድ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ በሚመነጭበት አገር ቢጠቀሙበት፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ስለሚለቀቅ፣ የአንድ ቀን ጋገራ 7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ምጣዱ ያው፣ እንጀራውም ያው ሆኖ ልቀቱ በዚህ መጠን የሚለያየው በሽቦው ሌላኛ ጫፍ ባለው ነገር ነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሱ ከሆነ ግን ዜሮው አይሠራም። ትንሽ የናፍታ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ 2.7 ኪሎ ለ3 ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.9 ኪሎ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጣቢያን ያህል ማለት ነው። የገዙትን ናፍታ በሊትር ይመዝግቡ።

ጉዞ

የራስ መኪና ካለ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከማደያ የተቀዳውን ሊትር በ2.3 ወይም በ2.7 ማባዛት ብቻ ነው። በወር 100 ሊትር ቤንዚን የሚቀዳ መኪና በዓመት 2,760 ኪሎ ይለቃል፤ ከላይ ካየነው የከሰል ቤት ሙሉ ሂሳብ ጋር ይቀራረባል።

ለታክሲ ተሳፋሪ ልቀቱ በወንበር ይካፈላል። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቤንዚን ቢፈጅ 27.6 ኪሎ ይለቃል፤ ለአንድ ሰው 2.3 ኪሎ ይደርሳል። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር በሚፈጅ መኪና ብቻውን የሚሄድ ሰው በዚያው መንገድ 23 ኪሎ ይለቃል፤ አሥር እጥፍ። በቀን ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር በዓመት 300 ቀን በሚኒባስ የሚሄድ ሠራተኛ 138 ኪሎ ይጻፍበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዱ ላይ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች እዚህ አገር ሲሞሉ በዚሁ ስሌት ወደ ዜሮ ይጠጋሉ።

አውሮፕላን ለብቻው መስመር ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኢኮኖሚ ወንበር ለአንድ መንገደኛ አንድ መንገድ ወደ 1 ቶን፣ ደርሶ መልስ 2 ቶን ገደማ መያዝ ይቻላል። ዘመድ ጥየቃ በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ይህን መስመር ባይጽፍ ሂሳቡ ከንቱ ይሆናል።

ቤት እየሠሩ ከሆነም ሲሚንቶውን አይርሱ። ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ በሙቀት ሲበተን ከራሱ ከድንጋዩ የሚለቀቅ ነው። 200 ኩንታል የሚበላ ቤት ከ12 እስከ 18 ቶን ያስመዘግባል፤ የብዙ ዓመት ከሰል ያህል ነው። ይህን በአንድ ዓመት ላይ ሳይሆን ቤቱ ይቆያል በተባለበት ዘመን አካፍለው ይጻፉት።

መደመር

አምስት ሰው የሚኖርበትን አንድ የአዲስ አበባ ቤት እንውሰድ። በወር 20 ኪሎ ከሰል፣ በዓመት አራት ጊዜ የ12.5 ኪሎ ቡታጋዝ ሲሊንደር፣ በወር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠቀማል፤ ሁለት ሰዎችም በየቀኑ በሚኒባስ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ከሰሉ 3,024፣ ቡታጋዙ 150፣ ታክሲው 276፣ መብራቱ ዜሮ፤ ድምሩ 3,450 ኪሎ ነው። ለአንድ ሰው 690 ኪሎ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ከ100 እጅ 88 ያህሉ የከሰሉ ነው። ቤተሰቡ አምፖሎቹን ሁሉ አጥፍቶ በጨለማ ቢቀመጥ ከዚህ ቁጥር ላይ አንድ ኪሎ አይቀንስም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎች የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በአሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ ከሰል የሚያነደው ምናልባት ለዕጣንና ለቡና ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን በአማካይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ0.4 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ይለቃል፣ ለማሞቂያ የሚነደው የተፈጥሮ ጋዝ በደረሰኙ ላይ በተጻፈው በአንድ ቴርም 5.3 ኪሎ፣ የመኪናው ቤንዚን በአንድ ጋሎን 8.9 ኪሎ። በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚመነጭ፣ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ0.4 እስከ 0.5 ኪሎ መያዝ ለመነሻ ይበቃል፤ በዚያ ሙቀት ሌሊትና ቀን የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ያለበት ቤት ትልቁን ቁጥር የሚያገኘው እዚሁ መስመር ላይ ነው።

ቁጥሩ ከአየሩ ጋር የሚገናኝበት

የተገኘው ድምር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይበቃል። የመጀመሪያው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር ወደ ጠፈር የሚወጣውን ሙቀት የሚይዝ መሆኑ ነው። አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ይህን እ.ኤ.አ. በ1859 በመሣሪያ ለካው፤ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ ደግሞ በ1896 ጋዙ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አሰላ። ሁለተኛው፣ ጋዙ የሚከማች መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከሚለቀቀው ግማሽ ያህሉን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱታል፤ ቀሪው በአየር ላይ ይቀራል፣ የተወሰነውም ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ገንቦው በቀጭን ውኃም ሆነ በወፍራም እየሞላ ይሄዳል እንጂ ውኃው ስለቀጠነ አይጎድልም።

ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት በጀመረበት በ1958 ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 280 ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ሆኗል። ይህን ቁጥር በአንድ ከፍ ለማድረግ 7.8 ቢሊዮን ቶን በአየር ላይ መቅረት አለበት። ከ1850 እስከ 2019 የሰው ልጅ የለቀቀው 2,400 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው፤ በየ1,000 ቢሊዮን ቶኑ ምድር በ0.45 ዲግሪ ገደማ እንደምትሞቅ በመንግሥታቱ ድርጅት ሥር ያለው የሳይንቲስቶች ጉባኤ አስልቷል። ሁለቱን አባዙ፤ 1.08 ዲግሪ ይወጣል፤ ቴርሞሜትሮችም በእርግጥ ያሳዩት ይኼንኑ ያህል ነው። 2024 ደግሞ አማካይ ሙቀቱ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል።

አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ከ100 እጅ 7 የሚጨምር እርጥበት መሸከም ይችላል። ስለዚህ ዝናብ በሚዘንብበት ቦታ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በማይዘንብበት ደግሞ ከአፈሩና ከግጦሹ ያለችውን ጥቂት ውኃ ፈጥኖ ይመጥጣታል። ከ2020 ማብቂያ እስከ 2022 ማብቂያ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በጎረቤት አገሮች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የሆነው ሁለተኛው ነው። ድርቁን ያጠኑ ዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ የአፈር ድርቀት የመከሰት ዕድሉ መቶ ጊዜ ያህል ያነሰ ይሆን እንደነበር በ2023 ገልጸዋል። ከብቶቻቸው በዓይናቸው ፊት ያለቁባቸው አርብቶ አደሮች ከዚያ ጋዝ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ይህን የምለው ኢፍትሐዊነቱ ስለሚያንገበግበኝ ነው። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ከነዳጅ 14 ቶን ገደማ ሲለቅ፣ የዓለም አማካይ ወደ 4.7 ቶን ሲሆን፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ከ0.2 ቶን ያነሰ ነው። የእኛ ቤት 690 ኪሎም ከነከሰሉ ከዓለም አማካይ በእጅጉ ያንሳል። እዚህ አገር ሂሳቡን የምንሠራው ጥፋተኛ ስለሆንን ሳይሆን፣ የሚያልቀው ደን የራሳችን፣ ጢሱ የሚገባበት ሳንባም የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ስለሆነ ነው።

ከየት እንቀንስ

በምሳሌው ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ከሰሉን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ነው። 240 ኪሎ ከሰል በዓመት የሚሰጠውን የማብሰል ሙቀት ለማግኘት በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበቃል፤ ከከሰል ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ሩብ እንኳ ስለማይሞላ ነው። በየወሩ ለከሰል የሚወጣውን ብር ከዚህ ጭማሪ ጋር በራስዎ ታሪፍ ያስተያዩት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ቡታጋዝ ሁለተኛው አማራጭ ነው፤ አንድ ኪሎው ከሦስት ኪሎ በላይ ከሰል የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ከሰሉ ግድ ከሆነ ደግሞ ላቀች ምድጃ ከተራው ከሰል ማንደጃ ሩብ ያህል፣ በገጠር በማገዶ ለሚጋገር እንጀራ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

ዛፍ መትከልን ከሂሳቡ ላይ ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ችግኙን በተከሉበት ቀን ሙሉ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ዛፉ በዓመት 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ቢጨምር 5 ኪሎ ካርቦን፣ ማለትም 18 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ይህም ከጸደቀና ካልተቆረጠ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚህ እጅግ ያንሳል። የምሳሌው ቤት የአንድ ዓመት ከሰሉን ለማካካስ ወደ 170 የሚጠጉ እንዲህ የሚያድጉ ዛፎች በቁማቸው ያስፈልጉታል። ችግኝ የተከላችሁበትን ቦታ በዓመቱ ሄዳችሁ የጸደቁትን ብቻ ቁጠሩ።

ምዝገባውን በአንድ ወር ብቻ አያብቁት። የፍስክ ወርና የዐቢይ ጾም ወር ከሰል አንድ አይደለም፤ ዶሮ ወጥ የሚሠራበት የበዓል ዋዜማ ብቻውን የሳምንት ከሰል ሊፈጅ ይችላል፣ በሐምሌ ብርድም ምድጃው ከግንቦት ይልቅ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። ቢያንስ አንድ የጾም፣ አንድ የበዓልና አንድ የክረምት ወር ከመዘኑ በኋላ አማካዩን በ12 ያባዙ። ደብተሩንና እርሳሱን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው፣ እሳቱን በየቀኑ የሚያቀጣጥለው ሰው ራሱ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ የተረሳው ጭማሪ ሁሉ የሚገኘው ከእርሱ ዘንድ ነውና።